ለአዳራሽ የታዘዘው ቤት

ቪየና፣ ጥቅምት 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር አዝመራው፣
ዳንግላ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ከአገራችን ከባንጃ ብርድ የባሰ ሆኖብኛል። እናቴን ሲያገኟት ጉልበቷን ይሳሙልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በምማርበት ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሥዕል አዳራሽ ተሠርቷል። በመጪው ሰኔ መጨረሻ ሲመረቅ፣ ከተማሪዎቹ መካከል እኔና ግሬታ የምትባል የአገሩ ልጅ አዳራሹን በሥራችን እንድንሞላው ተፈቅዶልናል። መሙላት ስል ግድግዳ ላይ ሥዕል መስቀል አይደለም። ሥራው ራሱ አዳራሹን የሚያህል ሆኖ፣ ሰው እየዞረ የሚያየው ነው። ግሬታ ብዙ መቶ የመስታወት ስባሪ ከጣራው ላይ በክር ታንጠለጥላለች። እኔ የእናቴን ቤት አቆማለሁ።

እውነተኛውን ቤት ማለቴ አይደለም። ከቀርከሃ ብቻ የተሠራ፣ ጭቃ ያልነካው፣ ሣር ያልተከደነ፣ ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ክብ ቤት ነው የማስበው። ከዳር እስከ ዳር ስምንት ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት ሦስት ሜትር። እዚህ ቀርከሃ የለም፤ ቢኖርም ሽመናውን የሚያውቅ የለም። የሠፈራችን ቤት ሠሪ አያ ሽባባው ሠርቶት በሳጥን ቢላክልኝ ከምፅዋ በመርከብ ይደርሰኛል። ማጓጓዣውን ዩኒቨርሲቲው ይችላል። ሚያዝያ ላይ ከእንጅባራ ቢነሣ በቂ ነው።

ሥዕሉን አብሬ ልኬአለሁ። አደራዎን፣ ከዚህ የበለጠ ዕድል በሕይወቴ የሚገጥመኝ አይመስለኝም።

ልጅዎ አስማረ


ዳንግላ፣ ኅዳር 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስማረ፣
ቪየና።

የሠፈርህ ጊዮርጊስ ከብርድም ከክፉ ሰውም ይጠብቅህ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን። እናትህ ገብሷን አስገብታለች፤ ጉልበቷን አንተን ሆኜ ስሜአለሁ።

ደብዳቤህ በሃያ ሰባተኛው ቀን ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አንብቤው በጭነት መኪና እንጅባራ ወጣሁ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር ሄጄ ለእናትህ አነበብሁላት። ሥዕሉንም አሳየኋት። ቤቷን አላወቀችውም፤ የንብ ቀፎ መሰላት።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፍልህ። በመጀመሪያ፣ የእናትህ ቤት ዘሟል። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ሲሆን በሦስት ባላ ተደግፎ ነው ያለው። ቱንቢ ጥዬ ለክቼዋለሁ፤ የግድግዳው ራስ ከእግሩ ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር ወጥቷል። በዚህ በጋ ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ ተወስኖ ነበር። ጎረቤቱ ለደቦ የሚወጣው ከጥምቀት በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ለዚሁ ቤት የታሰበው ቀርከሃ ከእናትህ ጓሮ ያለው ነው። የሚቆረጠው ሦስት ዓመት የሞላው ብቻ ነው፤ ያልሞላው ነቀዝ ይበላዋል። ዘንድሮ የደረሰው ለአንድ ቤት ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም። ከጎረቤት ልገዛልህ ጠይቄ ነበር፤ የሁሉም ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰጥቷል።

ይህን ሁሉ ለእናትህ አስረዳኋት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ።

«ቀርከሃውን ለልጄ ቁረጡለት» አለች።

«ቤቱስ?»

«ቤቱ ቆሟል።»

«በሦስት ባላ ተደግፎ ነው እኮ የቆመው፣ አምሳለ።»

«አንተስ በከዘራ ተደግፈህ አይደለም የቆምከው? ማን አፈረሰህ?»

እኔ ከእርሷ ጋር መከራከር ከተውሁ አርባ ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ ጥያቄውን ለአንተ አቀርባለሁ፤ ጥያቄውም አንድ ነው። ቀርከሃው ለየትኛው ቤት ይቆረጥ? ክረምት ሰኔን አይጠብቅም። መልስህን በግልጽ ጻፍልኝ።

አጎትህ አዝመራው


ቪየና፣ ጥር 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ፤ ለእናቴም እንዲሁ።

ደብዳቤዎ እንዴት እንዳስደሰተኝ ልነግርዎ አልችልም። ቤቱ መዝመሙን ባነበብሁ ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ። እስከዚያ ቀን ሥራዬ አንድ ነገር ይጎድለው ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ለግሬታ ነገርኋት፤ «የጎደለው እርሱ ነው» አለችኝ። አሁን በአዳራሹ የማቆመው ቤት የዘመመ ነው የሚሆነው። ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትሩን በስፋቱ መጠን አብዝቼ ለሙከራ በሠራሁት ትንሽ ሞዴል ላይ አስገብቼዋለሁ። እባክዎ ቤቱን ማንም እንዳያቃናው፤ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶግራፍ ያስነሡልኝ።

እናቴ መፍቀዷ ትልቅ ደስታ ነው። እንግዲህ ቀርከሃው ቶሎ ይቆረጥ።

ሦስት ለውጦች አሉ። የአዳራሹ ኃላፊ ተጨማሪ ቦታ ስለሰጡኝ ስፋቱ ዐሥር ሜትር ይሁን። ግድግዳው አያ ሽባባው ሲሠራው ጀምሮ ይዝመም። በር ደግሞ አይኑረው። ሰው ቤቱን እየዞረ በቀርከሃው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይመለከታል እንጂ አይገባበትም። ሐሳቡ ይህ ነው።

ልጅዎ አስማረ


ዳንግላ፣ የካቲት 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስማረ፣

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን። አንተም ባለህበት የምትችለውን ጹም።

አንድ ጥያቄ ጠይቄህ ነበር። በመልሱ ፈንታ ሦስት ለውጦች ላክህልኝ። ተማሪ ሳለህ እንዲህ ያለ ወረቀት ብትሰጠኝ ምን እንደምጽፍበት ታውቃለህ።

ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊትም ነገሩ ከእጄ ወጥቶ ነበር። ለደቦው ከዳንግላ ስደርስ ዐሥራ አራት ሰው ቀርከሃ ሲቆርጥ አገኘሁ። ለቤቱ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ እናትህ ሽባባውን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠብቃ፣ በአገውኛ እንዲያ ስታዋየው ውላ፣ ቀኑን ለአንተ አዙራዋለች። ለአንድ ቤት በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ደቦ እንደማይጠራ ሳትረሳው አትቀርም። ስለዚህ የእናትህ ቤት ዘንድሮ አይሠራም። ይህን በግልጽ የጻፍሁት ሳታውቀው ቀረህ እንዳይባል ነው።

ለውጦችህን ለሽባባው አነበብሁለት። ዐሥር ሜትሩን ተቀበለ፤ ይህን የሚያህል ቤት የሠራሁት ለአንድ ባላባት ድግስ ብቻ ነው አለኝ። በሩን ስነግረው ግን ማጭዱን አስቀመጠ።

«በር የሌለው ቤት?»

«እንደዚያ ነው የጻፈው።»

«ውስጥ ሆኜ ሽመናውን እጨርሳለሁ። ከዚያ በምን ልውጣ? ወይስ ከነሽባባው ሊጫን ነው?»

ሰዉ ሳቀ፤ እርሱ አልሳቀም። ዘመም አድርገህ ሥራው ማለትህን ስጨምርለት ይብስ ተቆጣ። «መምህር፣ እኔ የሠራሁትን ቤት ያዘመመው ጊዜ ነው። እኔው አዝምሜ ከሠራሁ ነገ ማን ቤት ያሠራኛል? ልጅየው ከፈለገ እዚያው ይግፋው» አለኝ። ከዚህ በላይ ላሳምነው አልቻልሁም፤ አልፈልግምም።

የሥራ ቀኑን ቆጥሬልሃለሁ። ከነገ እስከ ፋሲካ ሃምሳ አምስት ቀን ነው። እሑዶቹ፣ በዓላቱና ሰሞነ ሕማማት ሲወጡ ሃያ ስድስት ይቀራል። ሰው ከእርሻው ተርፎ የሚሰጥህ ከእነዚህ ውስጥ ግማሹን ነው። ሌላ ለውጥ ካለህ ለራስህ አስቀምጠው።

የቤቱን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ዳንግላ አለ፤ ባንጃ ድረስ አልሄድም ብሏል። በእጄ ሥዬ ልኬልሃለሁ። ቱንቢውን እንደገና ጥያለሁ። ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ሆኗል።

አጎትህ አዝመራው


ቪየና፣ መጋቢት 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጾሙን ያበርታልዎ።

ሥዕሉ ደርሶኛል፤ እጅዎ አልተለወጠም። ሠላሳ ስምንቱንም በሞዴሉ ላይ አስተካክያለሁ።

ይሁን እንጂ ካልከፋዎ አንድ ነገር ልናገር። እኔ እዚህ በየሳምንቱ በአዳራሹ ኃላፊ ፊት እየቀረብሁ «ቤትህ የት ደረሰ?» እባላለሁ። የግሬታ መስታወት ግማሹ ተሰቅሏል። የእኔ ቦታ ባዶ ነው። ከእናንተ ዘንድ የሚደርሰኝ ግን የበዓላት ቆጠራና የአያ ሽባባው ቀልድ ነው። እባክዎ ሥዕሉን ብቻ እንዲከተል ይንገሩልኝ። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ እርሱ እጅ ነው። መዝመሙን ይተወው፤ እዚህ በገመድ ስበን እናዘምመዋለን። በር ግን እንዳይሠራ።

በሳጥን የሚገባው እያንዳንዱ ክፍል ከሁለት ሜትር መብለጥ የለበትም። ስለዚህ በቁሙ አይሠራ፤ መሬት ላይ በጠፍጣፋው እየተሸመነ ይከመር። የመጨረሻው መርከብ ግንቦት 25 ቀን ከምፅዋ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ያለው አይደርስልኝም።

ስለ እናቴ ቤት የጻፉትን አንብቤአለሁ። ክረምቱ ሲያልፍ አንድ ነገር እናደርጋለን።

ልጅዎ አስማረ


ዳንግላ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስማረ፣

እንኳን ከጾም ወደ ፍስክ አሸጋገረህ። እናትህ ዶሮ ሠርታ አንዱን ብልት በስምህ አስቀምጣ ነበር፤ ማታ ለእኔ ሰጠችኝ።

ደብዳቤህን ለሽባባው ሳነብለት «እርሱ እጅ ነው» የምትለዋን መስመር ዘለልኋት። በሠላሳ ሁለት ዓመት መምህርነቴ መስመር ዘልዬ ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን እንድታውቀው ፈልጌአለሁ።

ቤቱ ተሠርቶ አልቋል። ቆሞም ነው ያለው። «መሬት ላይ በጠፍጣፋው» ያልኸውን በመጀመሪያው ቀን ሞከሩት። በጠፍጣፋው የተሸመነው ሲታጠፍ ተሰነጠቀ። ሽባባው እንዲህ አለ፦ «ክብ ነገር ክብነቱን የሚያገኘው ዙሪያውን ስትሄድበት ነው። ተኝቶ የሚሠራ ምንጣፍ ነው።» እውነቱን ነው። ስለዚህ ከእናትህ ቤት በስተ ምዕራብ፣ ድንቹ ከወጣበት መሬት ላይ ዐሥር ሜትሩን በገመድና በችካል ለክቼ ሰጠኋቸው፤ ምሰሶ ተክለው ሸመኑት። የጣራው ማገሮች ሳይቀሩ በልጥ ታስረዋል። በር አለው። በዚህ ከሽባባው ጋር ሁለት ቀን ተከራክሬ ተሸንፌአለሁ፤ በሩን ከሳጥኑ ሳታወጣው ለብቻው ልትተወው ትችላለህ።

እያንዳንዱን ክፍል በቁጥር ምልክት አድርጌበታለሁ፤ መቶ ስድሳ ሁለት ክፍል ነው። መፍታት የሚጀመረው ከልደታ በዓል ማግስት፣ ግንቦት 2 ቀን ነው። ሳጥኖቹ ዳንግላ አናጺ ዘንድ ናቸው፤ ግንቦት 8 ቀን በጋሪ እስከ ጭነት መኪናው ይደርሳሉ። ቀኑ ይበቃል።

ከአዘናና ከጥሊሊ ገበያተኞች መንገዳቸውን እያዞሩ ሊያዩት ይመጣሉ። ምሰሶውን ይነቀንቃሉ፤ ለማን ሠርግ ነው ብለው ይጠይቃሉ። እናትህ ለፈረንጅ አገር ነው ስትላቸው፣ ፈረንጅ ቤት የለውም ወይ ይሏታል። መልስ መስጠት ሰልችቷት አሁን ገበያተኛ ሲመጣ ወደ ጓሮ ትዞራለች።

እርሷ ያለችበት ቤት ሃምሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዘሟል። አራተኛ ባላ አስደግፌአለሁ። እኔ ዘንድ ዳንግላ ትክረም ብዬ ለመንኋት፤ ላሟን ማን ይጠብቃል አለችኝ።

አጎትህ አዝመራው


ቴሌግራም። ከቪየና። ሚያዝያ 27።

ሳጥኑ ተነሣ? ግንቦት 25 አይለወጥም። አስማረ።


ቴሌግራም። ከዳንግላ። ግንቦት 3።

የእናትህ ቤት ወደቀ። እርሷ ደኅና ናት። አዲሱ ቤት ተገባበት። አዝመራው።


ቴሌግራም። ከቪየና። ግንቦት 5።

አልገባኝም። ፈትታችሁ ላኩ። አስማረ።


ዳንግላ፣ ግንቦት 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስማረ፣

እግዚአብሔር ትዕግሥት ይስጥህ፤ ለእኔም ይጨምርልኝ። ይህን ደብዳቤ በአውሮፕላን ፖስታ የምልከው ቶሎ እንዲደርስህ ነው። ተቀምጠህ አንብበው።

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ነበረች። እንደ ልማዳችን ጎረቤቱ ሁሉ ንፍሮውን ይዞ ሜዳ ላይ ወጥቶ ነበር። እኔም ለማግስቱ ሥራ ብዬ እዚያው ነበርሁ። ከቀትር በኋላ ከባድ ዝናብና ነፋስ መጣ። ተነሥተን ሳንሮጥ የእናትህ ቤት ድምፅ ሳያሰማ ወደ ምሥራቅ ተኛ። ባላዎቹ አልተሰበሩም፤ መሬቱ ርሶ ሰጠሙ። ውስጥ ማንም አልነበረም። ዕለቱ ልደታ ባይሆን ኖሮ ግን እናትህ በዚያ ሰዓት እሳት ዳር ትሆን ነበር። ይህን አስብና ቀጥል።

ሰዉ ከዝናቡ የሚሸሽበት አንድ ቤት ነበር፤ የአንተው። እዚያ ገባን። ጣራው ባዶ ስለሆነ ቁርበቱንም ሰሌኑንም ወረወሩበት። በማግስቱ ሊፈቱት የመጡት ዐሥራ አራት ሰዎች ማጭዳቸውን ትተው ሰንበሌጥ ተሸክመው መጡ። ማንም አላዘዛቸውም። ወቅቱ ሣር የሚገኝበት አይደለም፤ ለራሳቸው ጣራ መጠገኛ ካስቀመጡት ነው የቀነሱት። በሁለት ቀን ከደኑት። አባ ገብረ ማርያም ከልደታው ጸበል ይዘው ነበርና አዲስ ቤት ሲገባበት እንደሚደረገው ረጩት፤ ጸሎቱንም አደረሱ። ቤቱ የማን ነው፣ ለምን ተሠራ ብለው አልጠየቁም። ጸበል ከተረጨ በኋላ «አባ፣ ይህ እኮ ለመርከብ ነው» አልኋቸው። «ለምን ሳልረጭ አልነገርኸኝም?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አፌ ግን አልተከፈተም። ለምን እንዳልተከፈተ ራሴን መርምሬአለሁ፤ ረስቼ ነው ብዬ አልዋሽህም።

ከዚያ ቴሌግራምህ መጣ። ሁለተኛ መስመር እንዳልዘል ለራሴ ቃል ስለገባሁ እንዳለ አነበብሁላት። ባለ ሦስት እግሯ ዱካ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። እጇ ያቃተውን በጥርሷ ትስበው ነበር።

«አምሳለ፣ ውረጂ» አልኋት።

«ልጄ ላኩ ብሏል።»

«አንቺስ የት ትገቢያለሽ?»

«ወርቅነሽ ዘንድ እከርማለሁ። የእርሷ ልጅ ቢጠይቃት እርሷስ እምቢ ትል ነበር?»

ጎረቤቷ ወርቅነሽ እዚያው ነበረች። «እኔ ዘንድ ቦታ የለም» አለች። ቦታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሽባባው ደግሞ ሄዶ በሩ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ሸምኛለሁ። መፍታት አልተነገረኝም፤ ቢነገረኝም ጸበል የነካውን አልፈታም» አለ። የቀሩትም እንዲሁ። እናትህ ግን ከዱካው አልወረደችም። አንድ ክፍል፣ ቁጥር አንድ ብዬ ምልክት ያደረግሁበት፣ ተፈትቶ ወድቋል። ነገም እቀጥላለሁ ብላለች። በዚህ አያያዟ በሁለት ሳምንት ጣራውን ታነሣዋለች፤ ያኔ ደግሞ ክረምቱ ሙሉ በሙሉ ይገባል።

እስከ አሁን ብዙ አስተማርሁህ፤ አሁን አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እናትህ የእኔን ቃል አትሰማም፣ የአባንም አልሰማችም። የምትሰማው የአንተን ብቻ ነው። በራስህ ስም፣ ለእርሷ፣ አንድ መስመር ላክ። የምትፈልገው ቤቱን ከሆነ ያንኑ ጻፍ፤ እኔው ራሴ ዱካ ላይ ወጥቼ አግዛታለሁ፣ ሳጥኑንም እዘጋለሁ። በሥራህ ላይ አልፈርድም፤ አዳራሹን አላየሁትም። የማየው አንዲት የስድሳ ዓመት ሴት ማሰሪያ በጥርሷ ስትፈታ ነው።

አጎትህ አዝመራው


ቴሌግራም። ከቪየና። ግንቦት 19። ለወይዘሮ አምሳለ፣ በመምህር አዝመራው በኩል።

እማዬ አትፍቺው። የፈታሽውንም ይሰሩት። ኑሪበት። አስማረ።


ቪየና፣ ሰኔ 29 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ለአንድ ወር ያልጻፍሁት ተናድጄ ስለነበር ነው። አሁንም ተናድጃለሁ፤ መዋሸት አልፈልግም።

ግንቦት 18 ቀን ደብዳቤዎ ሲደርስ በአዳራሹ ውስጥ ነበርሁ። ቆሜ ማንበብ ጀመርሁ፤ ተቀመጥ ያሉኝን ዘግይቼ ነው ያየሁት። በማግስቱ ቴሌግራሙን ልኬ ወደ ኃላፊው ሄድሁና ቤቱ አይመጣም አልኋቸው። ለምን አሉኝ። እናቴ ገብታበታለች አልኋቸው። ቀልድ መስሏቸው ጠበቁኝ። ከዚያ የትምህርት ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞ አይታሰብም ብለው ተቆጡ። እርስዎ ኅዳር ላይ የጻፉልኝን ደብዳቤ አውጥቼ ላሳያቸው አፈርሁ።

አዳራሹ ተመረቀ። ግሬታ መስታወቷን ወደ እኔ በኩል ላስፋው ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልሁ። ወለሉ ላይ ዐሥር ሜትሩን በገመድና በችካል ለክቼ በኖራ ክብ አሠመርሁበት። ምሰሶዎቹ የሚቆሙበትን እንደ ሥዕልዎ ምልክት አደረግሁ፤ በሩንም ሽባባው ይኑረው እንዳለው ክፍት ተውሁት። አጠገቡ በአንድ ካርቶን ላይ «ቤቱ ሰው ስላለበት አልመጣም» ብዬ ጻፍሁ። ሌላ ምንም የለም። ሰዎች ክቡ ጫፍ ላይ ቆመው ያዩታል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ገንዘቤን መልሱልኝ የሚል ይመስላል። አንዲት አሮጊት ብቻ ካርቶኑን ካነበቡ በኋላ በበሩ በኩል ገብተው በበሩ በኩል ወጡ። መምህሮቼ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጥተውኛል። ትክክል ይሁን አይሁን ገና አላወቅሁም።

አያ ሽባባውን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ የዘለሉለትን መስመርም ያንብቡለት፤ ሰምቶ ቢሰድበኝ ይሻለኛል።

አንድ የምጠይቅዎ ነገር አለ። ያን ጣራ ስነድፍ ዝናብ ፈጽሞ አላሰብሁም ነበር። ቤቱ ያፈሳል?

ልጅዎ አስማረ


ዳንግላ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስማረ፣

ፍልሰታን በሰላም ያስፈጽምህ።

ያፈሳል። ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከበሩ በስተ ቀኝ፣ ሁለተኛው ከመካከለኛው ምሰሶ ወደ ሰሜን አንድ ሜትር ተኩል ላይ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ለስፋቱ የሚገባው የጣራ ቁልቁለት ሥዕሉ ላይ የለም፤ ውኃው ሳይወርድ ያቁራል። እናትህ ሁለት እንስራ ደቅናለች፤ ከወንዝ ውኃ መቅዳት ቀረልኝ ትላለች። ከዚህ በቀር ቤቱ ደኅና ነው። ቱንቢ ጥያለሁ፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እርሷም ደኅና ናት፤ ግን ታማርራለች። ቤቱ ሰፊ ስለሆነ የሠፈሩ ማኅበር ሁሉ በእርሷ ተራ ሆኗል። ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ስትሄድ ምን ልትወስድ እንደተነሣች ትረሳለች። ላሟም ጥጃዋም ገብተው ቦታ ይተርፋል። ቴሌግራምህን ሦስት ቀን ደጋግማ አስነበበችኝ። «ይኸው ነው? ሌላ አላለም?» አለችኝ። ቴሌግራም በቃል ይከፈልበታል ብዬ አስረዳኋት። አልተዋጠላትም።

መስመሩን ለሽባባው አነበብሁለት። «እጅ ከሆንሁማ እጁ እዚህ ነው፤ ራሱ የት አለ?» አለ። ስድብ አልጨመረም።

ጣራው ጥቅምት ላይ ቁልቁለቱ ተስተካክሎ እንደገና ይከደናል። ሽባባው ሰው ቆጠረ። ያሉት ዐሥራ አራት ናቸው፤ ለዐሥር ሜትር ጣራ ዐሥራ አምስት ያስፈልጋል። ከላይኛው ሠፈር አንድ ሰው ልጥራልህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቦታው ለጊዜው ክፍት ይሁን፤ ልጅየውም ይወቀው፣ አለኝ።

አጎትህ አዝመራው